ዓሣው ምን አደረገ?

ጠላት የሚለው ቃል እንደ ቪዲዮ ጌም ዓለም ረክሶ የሚቸረቸርበት ገበያ የለም። የሚሄድ ነገር ካለ ጠላት ነው፤ የሚበር ካለ ጠላት ነው፤ ውኃ ውስጥ ሆኖ ብቅ ጥልቅ የሚል ካለ እሱማ የለየለት ጠላት ነው። ተጫዋቹ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ቁልፉን ይጫናል፣ «ገደልኩት!» ይላል፣ ያልፋል። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ከእነዚህ «ጠላቶች» መካከል እጅግ ትንሹና እጅግ የተናቀው ስለሆነው ስለ አንዱ ለመከራከር ነው። ይኸውም ሶኒክ በተባለው የታወቀ ጨዋታ ውስጥ ከድልድይ ሥር እየዘለለ የሚወጣው ዓሣ ነው። ስሙ ቾፐር ይባላል።

ገና ከአሁኑ የሚያጉረመርም አንባቢ እንዳለ ይሰማኛል። ለግጥምና ለልቦለድ እንኳ የጠበበች መጽሔት ለስክሪን ዓሣ ገጽ ትስጥ ወይ? ይለኝ ይሆናል። ትስጥ እንጂ! ሥነ ጽሑፍ የምንለው ነገር የሰው ልጅ ወዳጁንና ጠላቱን እንዴት አድርጎ እንደሚሥል የምንመረምርበት ሙያ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? ፊደል ሳይለይ ስክሪን ፊት የተቀመጠ ሕፃን የመጀመሪያ ጠላቱን የሚያገኘው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከእንዲህ ያለው ጨዋታ ነው። ያን ጊዜ የተማረውን ትምህርት ደግሞ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ስለገባ ብቻ አውልቆ አይጥለውም። ስለዚህ ትምህርቱ ምን እንደሆነ ማወቅ የእኛ ሥራ ነው፤ የማንም አይደለም።

በጉዳዩ ላይ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ወገን ጨዋታ ጨዋታ ነው ባይ ነው። ለዚህ ወገን ዓሣው እንቅፋት ነው፤ እንቅፋት ደግሞ ትርጉም የለውም፤ ዝለልና እለፍ ነው ነገሩ። ሁለተኛው ወገን የሥነ ምግባር ዘበኛ ነው። ይህ ሁሉ ልጅን መግደል ማስተማር፣ እንስሳ መደብደብን ማለማመድ ነው ብሎ ያወግዛል። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ለሚሰማ ሰማይና ምድር ይመስላሉ። እኔ ግን አንድ ናቸው እላለሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱም ዓሣውን አላዩትም። አንዱ ዘልሎት አለፈ፤ ሌላው ፊቱን አዙሮ አለፈ። ዓሣው ሲሰበር ከውስጡ የሚወጣውን ቆም ብሎ የተመለከተ ከሁለቱም ወገን አልተገኘም።

እስቲ እንመልከተው።

ከድልድዩ ሥር

ሶኒክ ሴጋ በተባለው የጃፓን ኩባንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ቀረበ። የተሠራውም ሜጋ ድራይቭ ለተባለው፣ በአሜሪካ ጄነሲስ ይባል ለነበረው የኩባንያው መጫወቻ ነው። ፕሮግራሙን በዋነኛነት የጻፈው ዩጂ ናካ ነው፤ ጃርቱን የሣለው ናኦቶ ኦሺማ ነው፤ የመንገዱን ውጣ ውረድ የነደፈው ሂሮካዙ ያሱሃራ ነው። ታሪኩ አጭር ነው። ጃፓኖቹ ኤግማን፣ ሌላው ዓለም ያኔ ሮቦትኒክ ይለው የነበረው አንድ ዶክተር የደሴቱን እንስሳት እያፈሰ በብረት ማሽን ውስጥ ይቆልፋቸዋል፤ ማሽኖቹንም በየሜዳው ያሰማራል። ሶኒክ የተባለው ሰማያዊ ጃርት ይህን ለማፍረስ ይሮጣል። ነገሩ ይኸው ነው።

ጨዋታው የሚጀምረው ግሪን ሂል በተባለ አገር ነው። ሣሩ አረንጓዴ፣ ዘንባባው የተዘናፈለ፣ ፏፏቴው የሚያብረቀርቅ፣ አበባው የሚሽከረከር። ለዓይን ገነት ነው። መንገዱ ውኃ ሲገጥመው ከግንድ የተሠራ ድልድይ አለ፤ ሶኒክ ሲረግጠው መሐሉ ረገብ ይላል። ከዚያ ድልድይ ሥር ነው እንግዲህ ዓሣችን የሚወጣው። መልኩ ፒራኛ የሚባለው ጥርሳም ዓሣ ነው። አፉን እየከፈተና እየገጠመ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከተነሣበት ሲደርስ ሳያርፍ እንደገና ይወጣል። አንዱ ዝላይ ከመነሻው እስከ መመለሻው ሁለት ሰኮንድ ተኩል ያህል ይፈጃል። ከዚያ ሌላ ሁለት ሰኮንድ ተኩል። ከዚያ ደግሞ ሌላ።

ልብ በሉ፤ ይህ ዓሣ ማንንም አያሳድድም። በዚያው አገር የሚበረው የብረት ተርብ ሶኒክ ሲቀርብ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ያነጣጥራል፣ ይተኩሳል። ሸርጣኑም ግራና ቀኝ ጥይት ይበትናል። ዓሣው ግን ግራም አያይ፣ ቀኝም አያይ። በድልድዩ ላይ መንገደኛ ኖረ አልኖረ ለእሱ አንድ ነው። የሚያውቀው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች።

እርግጥ ነው፣ ይነክሳል። ይህን አልክድም። ቀለበት የያዘ ሶኒክ ሳይጠቀለል ከነካው ቀለበቱ በየሜዳው ይበተናል፤ ባዶ እጁን ከሆነ ይሞታል። ዳሩ ግን ወፍጮም እጁን የሰደደበትን ይፈጫል። «ወፍጮ ጠላቴ ነው» ብሎ ጦር የሰበቀ ገበሬ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። የሚጎዳ ነገር ሁሉ ጠላት አይደለም። ጠላት ለመባል ቢያንስ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አንተን ማየት፣ አንተን መፈለግ ያስፈልጋል። ዓሣው አንተን አያውቅህም። ከሁለታችሁ መካከል ጥላቻን ይዞ ወደ ድልድዩ የመጣው ማነው? አንተ ነህ እኮ!

ጥንቸልና ወፍ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሶኒክ ተጠቅልሎ፣ እንደ ኳስ ሆኖ ሲመታው ዓሣው ይፈነዳል። «100» የሚል ነጥብ ብልጭ ይላል። ያብዛኛው ተጫዋች ዓይን የሚያርፈው እዚያ መቶ ላይ ነው። ነገር ግን ከጭሱ መካከል አንድ ነገር ይወጣል። ትንሽ ነው፤ ዱብ ዱብ እያለ ከስክሪኑ ጠርዝ ያልፍና ይሄዳል። በግሪን ሂል ከተሰበረ ማሽን የሚወጣው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ጥንቸል ነው፣ ወይ ወፍ ነው።

ዓሣ አይደለም!

ተረታችን «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል። ይህን ዓሣ የጎረጎረ ግን ጥንቸል ነው የሚያወጣው። ኑሮዋ ሣር ላይ የነበረች ፍጡር ውኃ ውስጥ ተቆልፋ፣ የእሷ ያልሆነ ጥርስ ተገጥሞላት፣ በማታውቀው መንገድ ሽቅብ ቁልቁል ስትወረወር ነበር የቆየችው። ወይም ደግሞ ወፍ ናት። የወፏን ነገር እስቲ አስቡት። ክንፍ ያላት ፍጡር በብረት ዓሣ ሆድ ውስጥ ሆና ወደ ሰማይ ትነሣለች፤ ሰማዩን ልትነካ ስትል ትመለሳለች፤ እንደገና ትነሣለች፣ እንደገና ትመለሳለች። እኛ ከድልድዩ ላይ ቆመን ያንን ዝላይ አየንና «ጥቃት» ብለን ስም አወጣንለት።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ወገን ሳቁን ይለቅብኛል። የዓሣው ዝላይ እኮ በፕሮግራም የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ወፏም ብትሆን ማሽኑ ከተሰበረ በኋላ በዕጣ የምትመረጥ ሥዕል ናት፤ ከዚያ በፊት ውስጡ ምንም የለም፤ አንተ ደግሞ ለቁጥር ታለቅሳለህ ይለኛል። ልክ ነው፤ በማሽኑ ቋንቋ እንዲያ ነው። በዚህ አያያዝ ግን የልቦለድ ጀግናም ገጹ ከመገለጡ በፊት የትም የለም፤ ወረቀት ላይ የተለቀለቀ ቀለም ነው። የመድረክ ንጉሥም ከመጋረጃ ጀርባ የወር ደመወዙን የሚጠብቅ ሠራተኛ ነው። ታዲያ ለምን ቴአትር እናያለን? የፈጠራ ሥራ የሚመዘነው ከምን እንደተሠራ በመቁጠር አይደለም፤ ባሳየው ነገር ነው።

ሠሪዎቹ ማሽኑ ፈንድቶ እንዲጠፋ፣ ምንም እንዳይወጣ ማድረግ ይችሉ ነበር። ያውም ይቀልላቸው ነበር። በዚያን ጊዜ መጫወቻ ላይ እያንዳንዷ ተጨማሪ ሥዕል ቦታ ትፈልጋለች፣ የሣዪን ጊዜ ትበላለች። እነሱ ግን ያንን ሁሉ ተሸክመው ለየአገሩ ሁለት ሁለት ዓይነት እንስሳ መደቡ። ግሪን ሂል ላይ ጥንቸልና ወፍ ነው፤ በውኃ በተሞላው በላቢሪንት ደግሞ ፔንግዊንና የባሕር አንበሳ መሳይ ነው። ይህ በአጋጣሚ የመጣ ጌጥ አይደለም። «እዚህ ውስጥ ሌላ አለ» የሚል አረፍተ ነገር ነው። አረፍተ ነገሩን ሳያነቡ ነጥቡን ብቻ መቁጠር መጽሐፍ ከፍቶ የገጹን ቁጥር ብቻ አንብቦ መዝጋት ነው።

ማመሳከሪያ የሚፈልግ ማሪዮን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የኒንቴንዶ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስም የሚዘልል ዓሣ አለው፤ ቺፕ ቺፕ ይባላል። በሁለተኛው ዓለም ሦስተኛ ክፍል ማሪዮ በረጅሙ ድልድይ ላይ ሲሮጥ ዓሦቹ ከስክሪኑ ግርጌ እየተወረወሩ፣ እንደ ደጋን እየጎበጡ ያልፋሉ፤ በሰባተኛው ዓለም ሦስተኛ ክፍልም ይመለሳሉ። ማሪዮ ሲረግጣቸው ቁልቁል ወድቀው ይጠፋሉ። ምንም አይወጣም። ዓሣ ነበረ፣ ዓሣ ሄደ፣ አለቀ። የሚገርመው ደግሞ የዚሁ ጨዋታ መመሪያ መጽሐፍ ሰላም ወዳዱ የእንጉዳይ ሕዝብ በክፉ አስማት ወደ ድንጋይ፣ ወደ ጡብና ወደ ተክል እንደተለወጠ ይናገራል። ታዲያ ማሪዮ ዘልሎ ጡብ ሲሰብር ከጡቡ ውስጥ ማን ወጣ? ማንም! በመመሪያው የተጻፈው በጨዋታው አልታየም። ይህን የምለው ማሪዮን ለማንኳሰስ አይደለም፤ እንደ ጨዋታ የራሱ ክብር አለው። የምለው አንድ ነገር ነው። ሶኒክ የታሰረ አለ ብሎ በመመሪያ ጽፎ አልተወውም፤ በእያንዳንዱ ምት አውጥቶ ያሳያል። ያላየ ተጫዋች ታዲያ ምን ሰበብ አለው?

ተፈጥሮን የለበሰ

ቀጥለን ሌላ እንጠይቅ። ዶክተሩ ማሽኖቹን ምን አስመስሎ ሠራቸው? በግሪን ሂል ያሉት ጥንዚዛ፣ ተርብ፣ ሸርጣን፣ እስስትና ዓሣ ናቸው። ታንክ አልሠራም። መለዮ ለባሽ ወታደር አላቆመም። በውኃው ዓሣ፣ በአየሩ ተርብ፣ በሣሩ ጥንዚዛ አሰማራ። ሰውየው ደደብ አይደለም! መንገደኛው ሲነከስ «ዶክተሩ ነከሰኝ» አይልም። «ዓሣ ነው፤ ዓሣ ይነክሳል፤ ተፈጥሮው ነው» ይላል።

ጓደኞቼ፣ ከዚህ የበለጠ መደበቂያ የለም። ሰው ሠራሽ በደል የተፈጥሮን ቆዳ የለበሰ ዕለት ጠያቂ ያጣል። ደሃው ለምን ደኸየ? ተፈጥሮው ሰነፍ ነው። ተማሪው ለምን ወደቀ? ተፈጥሮው ደካማ ነው። የቢሮው ጸሐፊ ለምን ያመናጭቃል? ተፈጥሮው ክፉ ነው። አቤት ስንቱን ነገር በዚህ በአንድ ቃል ከደንነው! ማን ሠራው፣ ማን ቆለፈው፣ ቁልፉስ በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ እዚያው ውኃ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ዓሣው በብረት የተሠራ መሆኑ ግን እኮ ከላይ ያስታውቃል። የተሰወረ ነገር የለም፤ ያላየነው ስለሮጥን ነው።

አበው «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ያሉት ለዚህ ዓሣ የተነገረ ይመስላል። የዚህ ዓሣ አናት ውኃ ውስጥ የለም። አናቱ በሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ በራሪ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ፣ ትልቅ የብረት ኳስ በሰንሰለት እያወዛወዘ ይመጣል። ጠላት ካላችሁ ያውላችሁ! ይህኛው ያውቃችኋል፤ ይህኛው ፈልጎ ነው የመጣው። ተመትቶ ሲሸሽ ከወደፊት አንድ ትልቅ የብረት ማጎሪያ ይገኛል። ሶኒክ በአናቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲረግጠው ማጎሪያው ይከፈትና እንስሳቱ እንደ ጎርፍ ይወጣሉ።

ዶክተሩ ግን ይሸሻል እንጂ አይያዝም። በሚቀጥለው አገር ሌላ ማሽን ይዞ ይጠብቃል። በየክፍሉ ዓሣ በመምታት የረካ ተጫዋች ይህን ይረሳዋል። አናቱ ሳይነካ ጅራት ቢቆረጥ ምን እንደሚሆን ደግሞ የጨዋታው ተከታታይ እትሞች ራሳቸው ይመሰክራሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ሁለተኛው ሶኒክ ሲወጣ ያው ዓሣ ማሸር በሚል አዲስ ስም በኤመራልድ ሂል ድልድዮች ሥር ያንኑ ዝላይ ይዘልል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በሦስተኛው ሶኒክ ሃይድሮሲቲ በተባለው የውኃ አገር ሜጋ ቾፐር ሆኖ መጣ፤ ይህኛው ከአካልህ ላይ ተጣብቆ ቀለበትህን አንድ በአንድ ይመጥጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው በሶኒክ ማኒያ ደግሞ የጥንቱ ቾፐር ወደ ጥንቱ ግሪን ሂል ተመልሷል። ስንት ተጫዋች ስንት ጊዜ ሰብሮታል፤ ዓሣው ግን አላለቀም። አያልቅማ! ሠሪው አለ።

ዘልሎ ማለፍ

አሁን ፊቴን ወደ ሁለተኛው ወገን፣ ወደ ሥነ ምግባር ዘበኞቹ ላዙር። አትምታ ነው ምክራቸው። ምክሩን እንቀበልና ውጤቱን እንየው። ቾፐርን ሳይመቱ ማለፍ ቀላል ነው፤ የሚዘልለው አንድ ቦታ ስለሆነ እስኪወርድ ጠብቆ መሮጥ ነው። እጅህ አይቆሽሽም፤ ፍንዳታ አይሰማም፤ ሕሊናህ እንደ ነጭ ነጠላ ይሆናል። ጥንቸሏስ? ጥንቸሏ እዚያው ናት። ከኋላህ ሁለት ሰኮንድ ተኩል፣ ሌላ ሁለት ሰኮንድ ተኩል፣ ሌላ። ምንም አላደረግሁም ማለት ለአንዳንዱ ነገር መከላከያ ነው፤ ለሌላው ግን ክሱ ራሱ ነው። ንጹሕ እጅና ንጹሕ ልብ አንድ አይደሉም።

የመጀመሪያው ወገንም ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም። እሱ የሚያልፈው በርኅራኄ ሳይሆን በጥድፊያ ነው። ሶኒክ የፍጥነት ጨዋታ ነው፤ ፈጥኖ የጨረሰ ይሞገሳል። ይሁን፣ ፍጥነቱ ደስ ይላል፤ እኔም አልጠላውም። ነገር ግን በፍጥነት ያለፈ ሰው የሚያየው የቀለም መስመር ብቻ ነው። በዚያ ቀለም ውስጥ ማን እንደተቆለፈ ሊነግረን አይችልም። እንቅፋት ትርጉም የለውም የሚለው ፍልስፍናው ከእውቀት የመጣ ሳይሆን ከሩጫ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ለጨዋታው ጠበቃ ሆኜ ብቻ እንዳልቀር፣ ጨዋታውንም መክሰስ አለብኝ። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሶኒክ ሒሳቡን ያወጣል። የጊዜ ጉርሻ አለ። የቀለበት ጉርሻ አለ። የጥንቸል ጉርሻ የለም። ስንት እንስሳ ፈታህ፣ ስንቱንስ ትተህ አለፍክ የሚል መስመር ፈልጋችሁ አታገኙም። ስድስቱን እንቁዎች ሳይሰበስብ ጨዋታውን የጨረሰ ተጫዋች ዶክተሩ የቀሩትን እንቁዎች እያቅለበለበ ሲያላግጥበት ያያል፤ በየድልድዩ ሥር ስለተዋቸው ግን ማንም ቃል አይተነፍስም። መቶዋ ነጥብም ብትሆን የምትሰጠው ለምቱ ነው። በአንድ ዝላይ ሳታርፍ ደጋግመህ ከመታህ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አምስት መቶ፣ ሺህ እያለ ይጨምርልሃል። ሥራው በሥዕል የሚያሳየውን እውነት በሒሳብ ይክደዋል። ልቡ ነፃ አውጪ ነው፤ መዝገቡ ግን የአዳኝ መዝገብ ነው። ተጫዋቹ ልቡን ሳያይ መዝገቡን ቢያምን ጥፋቱ የተጫዋቹ ብቻ አይደለም።

ያም ሆኖ መጨረሻውን ያየ ሰው ሠሪዎቹ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ይገባዋል። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ሶኒክ የሚመለሰው ወደ ግሪን ሂል ነው። በዚያ እንስሳቱ በዙሪያው ይዘልላሉ። አስተውሉ፤ ዝላይ እንደገና አለ። ነገር ግን ይህኛው የራሳቸው ዝላይ ነው። የታሪኩ መነሻና መድረሻ ይኸው ነው፤ ከተገደዱበት ዝላይ ወደ ወደዱት ዝላይ።

ከባዱ ጥያቄ

ከሁለቱም ወገን ያልሰማሁት፣ ነገር ግን ከሁሉም የሚከብድ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ሳላነሣው ባልፍ ፍርሃት ይሆንብኛል። ይኸውም እንዲህ ነው። ዓሣውን መስበር ነፃ ማውጣት ነው ካልን፣ «ነፃ ላወጣህ ስል እሰብርሃለሁ» የሚል ሁሉ ነገ በዚህ ዓሣ ሊምል አይደለም ወይ?

ሊምል ይችላል። ብዙ ጊዜም እንዲህ ያለ መሐላ ተምሏል። ስለዚህ መልሱ ጥርት ያለ መሆን አለበት። በጨዋታው ውስጥ ሶኒክ የሚሰብረው ብረቱን ብቻ ነው። ከውስጥ ያለችው እንስሳ አንዲት ጠጉር ሳትነቀል ትወጣለች። አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁልጊዜ፣ ያለ ስሕተት። ለሶኒክ የመምታት ፈቃድ የሰጠው ይህ ዋስትና ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ይህ ዋስትና ደግሞ ከስክሪኑ ውጭ የለም። ከስክሪኑ ውጭ ብረትና ቆዳ በግልጽ አይለዩም። ሰው በሥራው፣ በደንብ ልብሱ፣ በተለጠፈበት ስም ውስጥ ተቆልፎ ሲገኝ በመዶሻ ተከፍቶ ጤነኛ ሆኖ አይወጣም፤ ከብረቱ ጋር አብሮ ይደቅቃል። መዶሻውን ተቀብሎ ዋስትናውን የጣለ ሰው ከዚህ ጨዋታ የወሰደው ግማሹን ነው፤ ያውም ክፉውን ግማሽ።

እንግዲህ የዓሣው ትምህርት «ምታ» የሚል አይደለም። የሁለተኛው ወገን ሰዎች እንደሚፈሩት ቢሆን ኖሮ እኔም አብሬያቸው ባወገዝኩ። ትምህርቱ «ውስጡ ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ምቱ እዚያው ስክሪኑ ውስጥ ይቅር፤ ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር ይውጣ። ወደ ክፍል ይግባ፣ ወደ ምግብ ቤት ወረፋ ይግባ፣ በዚህች መጽሔት ገጾች ላይ እርስ በርስ በምንወራወረው ቃል መካከልም ይግባ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው፣ እንዲያ ዓይነቱ ቡድን እያልን ስም ስንለጥፍ፣ የምናየው ጥርሱን ብቻ ነው ወይስ ከጥርሱ በስተኋላ ያለውን? ጥርሱስ የራሱ ነው ወይስ የተገጠመለት? ማነው የገጠመለት?

ይህ ልፍስፍስነት ነው የሚል ይኖራል። አይደለም። ዶክተሩን ይቅር በሉት አላልኩም፤ ይልቁንም ዶክተሩን ፈልጉት ነው ያልኩት። ዓሣውን ጠላት ብሎ የረካ ሰው ዶክተሩን መፈለግ ያቆማል። ቁጣውን በየድልድዩ እየከፈለ ሲሄድ፣ ሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ሲደርስ በኪሱ ሳንቲም አይቀረውም። ቁጣ እንደ ገንዘብ ነው፤ ባልተገባ ቦታ የተከፈለ አይመለስም።

ለጊዜው ከእናንተ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ይህን ጨዋታ የምትጫወቱ፣ ወይም ታናናሾቻችሁ ሲጫወቱ ከጎናቸው የምትቀመጡ፣ ዓሣው ሲሰበር «ገደልኩት» የሚለውን ቃል ተዉትና «ፈታሁት» በሉ። ቃል ትንሽ ነገር አይደለም፤ የዚህች መጽሔት አንባቢ ይህን ካላመነ ለምን ያነብባታል? ትንሹ ልጅ «ማንን ነው የፈታነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ጣታችሁን ወደ ጥንቸሏ ቀስሩ። ከስክሪኑ ሳትወጣ ፈጠን በሉ እንጂ!

«ዓሣን መብላት በብልሃት» ይባላል፤ አጥንቱ ጉሮሮ ላይ እንዳይሰነቀር። እኔ ደግሞ ዓሣን መጥላትም ብልሃት ይጠይቃል እላለሁ። ጠላት ብላችሁ ስም ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ሰኮንድ ተኩል ታገሡ። ሲወጣ እዩት፤ ሲወርድ እዩት። አንድ ዝላይ ይበቃል።